በሽቦ ታስራ የተጓዘች ቮልስ

እናንተዬ! መኪና እየሄደ ገላው ሲወልቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጎማ መፈንዳቱን አላልኩም፤ እሱማ የታወቀ ነው። ፓራፋንጎ፣ ኮፋኖ፣ ፓራውልት... ብቻ ከውጪ ያለው ላሜራ "በቃኝ!" ብሎ አስፋልት ላይ ሲቀር ማለቴ ነው። እኔ አይቻለሁ። ያየሁትም እዚያው መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ጥፋቱም፣ ምን ልደብቃችሁ፣ የእኔ ነበር።

ነገሩ የሆነው ጥር 2012 ዓ.ም. ነው። ጥር መቼም የሠርግ ወር ነው። የሠፈራችን ልጅ ደብረ ሲና ሊያገባ ሆነና የሠፈሩ ሰው ሁሉ መንገድ ጀመረ። ሌላው በአውቶቡስ ሲሄድ እኛ አራት ሆነን በጓደኛዬ ቮልስ ለመሄድ ተስማማን። እሱ ሾፌር፣ እኔ ጋቢና፣ ከኋላ አክስቱና ታናሽ እህቱ። አክስትዬ (እኔም እንደዚያው ነው የምጠራቸው) ለሙሽራው ቤት ብለው የጣሉትን ጠጅ በቢጫ ጀሪካን ሞልተው እግራቸው መሀል አስቀምጠዋል። እንዳይፈስ በሁለት ጉልበታቸው ይዘውታል።

ቮልሷ የአባቱ ቅርስ ናት። ሰማያዊ። የመጨረሻዋ የዚህ ዓይነት ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ተሠርታ የወጣችው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ የእኛዋ ግን ከዚያ በብዙ ዓመት ትቀድማለች። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ዕቃ የሚጫነው ከፊት ነው። አራቱም ፓራፋንጎዎቿ በቡሎን የታሰሩ ናቸው። ይሄ ነገር ጥሩም መጥፎም ጎን አለው። ስትጋጭ አንዱን ፈትቶ ሌላ መግጠም ይቻላል። ክፋቱ ግን ቡሎኑ የሚነክሰው ዳዶ ከቦዲው ጋር የተያያዘ ነው። እሱ ከዛገና ከተበላ ቡሎኑን ቢያጠብቁት ቢያጠብቁት ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ባትላሜራ ጋ ሄዶ አዲስ ዳዶ ማስበየድ ነው እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም።

የፊት የቀኙ ፓራፋንጎ እንደዚያ ከሆነ ሁለት ወር አልፎታል። ጓደኛዬ በሠርጉ ዋዜማ "ላስበይደው፣ ነገ ከሰዓት እንነሳ" ሲለኝ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ሰርጉ ያመልጠናላ! ሽቦና ፒንሳ አምጥቼ ከላይም ከታችም ጠፈርኩት። ነካ ነካ አደረግሁና "ይሄ እንኳን ደብረ ሲና ወሎም ያደርስሃል!" አልኩት። ሲያምነኝ ደስ አለኝ። ሰው ሲያምናችሁ ባለሙያ የሆናችሁ ይመስላችኋል።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሳን። ሰንዳፋን እንዳለፍን "ቋ... ቋ... ቋ" የሚል ነገር ተሰማኝ። ጓደኛዬም ሰምቷል፤ ዞር ብሎ አየኝ። እኔ የቴፑን ድምፅ ጨመርኩት። እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል? መኪናው በሚችለው ቋንቋ እየነገረን ዘፈን ደረብንበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልምከር። በመንገድ ላይ ያልነበረ ድምፅ ከሰማችሁ ቴፕ ዝጉ፣ ቀስ በሉ፣ ዳር ያዙና ውረዱ። አራቱንም ጥግ በእጃችሁ ነቅንቁ። በእጅ ተነቅንቆ የሚንቀሳቀስ ነገር ነፋስ ሲገባበት አይቆምም። የነፋስ ጉልበት ደግሞ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን እጥፍ ብቻ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። በ40 ዝም ያለ ላሜራ በ80 ይገነጠላል።

ሸኖ ላይ አክስትዬ ቅቤ ካልገዛሁ አሉና ቆምን። ሸኖ ደርሶ ቅቤ ሳይገዙ ማለፍ በእሳቸው ቤት ነውር ነው። እሳቸው ሲከራከሩ እኔ ተንበርክኬ ሽቦውን በፒንሳ አጠበቅሁት። አንዱ ዙር ተበጥሶ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

ደብረ ብርሃን ስንገባ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከተማዋ ወደ 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፤ በጥር ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። ሻይ ጠጣን፣ እጃችንን በብርጭቆው አሞቅን፣ ተነሳን። ከዚያ ወዲያ ያለው ሜዳ የጉድ ነው። ዛፍ የለ፣ ከለላ የለ፤ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ በጋቢ የተጀቦነ እረኛ፣ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ገበሬ። ወደ ጣርማ በር በተጠጋችሁ ቁጥር መሬቱ ወደ ገደሉ ጠርዝ እየቀረበ ይሄዳልና ከቆላው የሚወጣው ነፋስ ፊት ለፊት ይቀበላችኋል። መንገዱ ደግሞ ቀጥ ያለ ነው። ጓደኛዬ ቴፑን ሰምቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ 80 ሞላ።

መጀመሪያ ፓራፋንጎው እንደ ዶሮ ክንፍ ከፍ ዝቅ አለ። "ኧረ!" ከማለቴ ጷ! አለና ተነሳ። ቮልስ የፊት መብራቷ ፓራፋንጎው ላይ ነው ያለው። የመብራቱ ገመድ ለትንሽ ጊዜ ይዞት መኪናውን ጎን ጎን እየመታ ተጎተተ። አክስትዬ "ማርያም! ማርያም!" ይላሉ። ከዚያ ገመዱ ተበጠሰና ሄደ።

ጓደኛዬን የማመሰግነው እዚህ ላይ ነው። ፍሬን አልደፈጠጠም። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ነዳጅ ለቆ፣ ፍሬቻ አሳይቶ፣ ቀስ ብሎ ዳር ያዘ። ቢደናገጥና መሪ ቢጠመዝዝ ወይ ቦይ ውስጥ ነበርን ወይ ከኋላችን የሚመጣው አይሱዙ ሥር። ኮፋኖ ተከፍቶ መስተዋት ሲጋርድም ያው ነው። በቀረችው ክፍተት ወይም በጎን መስኮት እያዩ በዝግታ ዳር መያዝ ነው። አይሱዙውም አመለጠን፤ ፓራፋንጎውን በግራ ዘሎት አለፈ። ክላክሱን ግን እስኪርቅ አልለቀቀም፤ ምን እየሰደበን እንደነበር እግዜር ይወቀው።

እኔ ወርጄ ወደ ኋላ ሮጥኩ። ላሜራው አስፋልቱን እየላጠ ተንሸራቶ ከመንገዱ ወጥቷል። የቆመውም አንዲት ልጅ አጠገብ ነው። ዕድሜዋ ዐሥር ቢሆናት ነው። ውሃ ቀድታ ጀሪካን በገመድ አዝላ እየሄደች ነበር። ደንግጣ ስትሸሽ ወድቃለች፤ ጀሪካኑ ድንጋይ ላይ አርፎ ለሁለት ተሰንጥቋል። ከእግሯ እስከ ላሜራው ሁለት እርምጃ አይሞላም፤ የተቀደደው ጠርዝ እንደ መጋዝ ነው።

እጇን ይዤ አስነሳኋት። ጉልበቷ ከመላጡ በቀር ደህና ናት። ግን ታለቅሳለች። "አይዞሽ፣ አለፈ" ስላት "እማዬ ትገርፈኛለች" አለችኝ። የምታለቅሰው ለጀሪካኑ ነው! ልትሞት ለጥቂት እንደተረፈች አላወቀችም ወይም ግድ አልሰጣትም። ኪሴ ውስጥ የነበረውን ሁለት መቶ ብር ሰጠኋት። ብሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ "ውሃውን በምን ልቅዳ?" አለች። ለካ ገበያ የሚውለው ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

አክስትዬ ደረሱ። ነገሩን ከልጅቷ አፍ ሰሙ። ምንም አልተናገሩኝም። ወደ መኪናው ተመልሰው ያንን ሁሉ መንገድ በጉልበታቸው ይዘው የመጡትን ጀሪካን አወጡና ጠጁን ቦይ ውስጥ ገለበጡት። ጓደኛዬ "አክስትዬ ምን ነካሽ!" ቢላቸው "ሠርጉ ቤት ጠጅ ሞልቷል። እነዚህ ቤት ውሃ የለም" አሉና ለልጅቷ ሰጧት። "በደንብ እጠቢው የኔ እናት፣ እናትሽ እንዳትሰክር" ሲሏት በእንባዋ መሀል ሳቀች።

ቦታውን ለቀን ከመሄዳችን በፊት የተበጠሰውን የመብራት ሽቦ ጫፍ በኤሌክትሪክ ፕላስተር ጠቀለልን። እንዲሁ ከተተወ ቦዲ ነክቶ እሳት ያስነሳል። ከኋላ ለሚመጣው ሰው ምልክት ብለን የደረደርነውን ድንጋይም አነሳን። ይሄን የማያደርግ ሾፌር ብዙ ነው፤ የእሱን ብልሽት ጠግኖ ይሄዳል፣ ድንጋዩ ማታ ሌላውን ይገለብጣል። ፓራፋንጎው ከፊት ዕቃ መጫኛው አልገባ አለና አክስትዬና የጓደኛዬ እህት ጭን ላይ ተጋድሞ ሄደ። አክስትዬ ነጠላቸው እንዳይቀደድ ጋቢ ደረቡበት።

ጣርማ በር ላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረውን ዋሻ በአንድ መብራት፣ በ20 ፍጥነት ተሻገርን። ራቁቱን የቀረው ጎማ ጠጠር እየወረወረ በሩን ይደበድባል። ከዋሻው ስትወጡ አገሩ ሁሉ ከእግራችሁ ሥር ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ወርጄ ፎቶ እነሳ ነበር። ከቁልቁለቱ በኋላ ሙቀት መጣ፣ ደብረ ሲና፣ ቆሎ ሻጮች፣ ከበሮ። ሙሽራው አንድ ዓይና መኪናችንን አይቶ እስኪያነባ ሳቀ።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ግጭት ከተነሳ በኋላ በዚያ መንገድ አልተመላለስኩም። ልጅቷ አሁን ትልቅ ልጅ ሆናለች። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከታገደ ደግሞ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ያለችውን ጠጋግኖ መያዙ አይቀርም። መንገድ ላይ በሽቦ የታሰረ ነገር ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ከኋላው ወደሚሄደው ሰው ነው።

ስንመለስ ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ባትላሜራ ጋ ቆምን። ሰውዬው ቦዲው ላይ የቀረውን ሽቦዬን በጣቱ ጎተተና "ይሄን ማነው ያሰረው?" አለ። ጓደኛዬ ወደ እኔ ሳይዞር ሰማይ ሰማይ አየ። አክስትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ስንት ነው ሒሳቡ?" አልኩ፣ ቦርሳዬን እያወጣሁ።