አፈሙዙ ወዴት ይመለከታል?

ጎንደር ላይ መሣሪያ ያነገተ ሰው ማየት ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም። ያደግሁት አባወራው ሩቅ መንገድ ሲነሳ መጀመሪያ ጠብመንጃውን ከግድግዳ በሚያወርድበት አገር ነው። የአያቶቻችን ውጅግራና ምንሽር በክላሽ ተተካ እንጂ ማንገቱ አልቀረም። ከብዙ ዘመን በኋላ በ2012 ዓ.ም. ለጥምቀት ስመለስ የገረመኝ ትጥቁ ሳይሆን የአገሬው ሰው ታጣቂን የሚመዝንበት መንገድ ነው። ልጅ ሆኜ በየቀኑ አየው ስለነበር ልብ አላልኩትም።

አሜሪካ የተወለደው የእህቴ ልጅ አብሮኝ ነበር። ወደ ደባርቅ ስንሄድ በዚያች ብርዳም አምባ ጊዮርጊስ ሚኒባሱ ቆመና አንድ ሰው ሊሳፈር ተጠጋ። ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቧል፤ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለ፤ ፕላስቲክ ጫማው አቧራ ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ክላሽ። ልጁ ክንዴን ጨምቆ «ጋሼ፣ እንውረድ» አለኝ። እኔ የሰውየውን እጅ እያየሁ ነበር። ከመግባቱ በፊት ፊቱን ወደ ባዶው ማሳ አዞረ። ካዝናውን ነቀለ፤ ውስጥ ጥይት አለመቅረቱን ስቦ አየ፤ ካዝናውን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ገብቶ አፈሙዙን ወደ ወለሉ ደፍቶ በጉልበቶቹ መካከል ያዘው። «እንደምን ዋላችሁ» ሲል ሁሉም መለሰለት። ሕፃን የታቀፈችውን ሴት «ሰደፉ ነካሽ ወይ፣ እህቴ?» ብሎ ጠየቃትና መሣሪያውን ወደ ራሱ ሳበ። ዳባት ሲወርድ ሹፌሩ «ደህና ግባ፣ አያ» ብሎ ሸኘው።

ማታ ያረፍንበት ሆቴል ደግሞ ሌላ ሰው ገጠመን። ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ጫማው የሚያበራ፣ ከልጁ ጋር በእንግሊዝኛ ጨዋታ የጀመረ ወጣት። ልጁ ደስ አለው። ትንሽ ቆይቶ ወጣቱ ከወገቡ ሽጉጥ አውጥቶ በቢራ ጠርሙሶቹ መካከል አስቀመጠና በጣቱ እያሽከረከረ ወሬውን ቀጠለ። የቤቱ ሰው አንድ በአንድ ሒሳቡን እየከፈለ ወጣ። በመጨረሻ ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው መጡ። «ልጄ፣ መሣሪያ ከመጠጥ ጋር አይቀመጥም። ወደ ማህደሩ መልሰው» አሉት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ወጣቱ መለሰው።

ሽማግሌው የሰውየውን ልብስ አልጠየቁም፣ የማን ልጅ እንደሆነም አልጠየቁም። ያዩት አፈሙዙ ወዴት እንደዞረ፣ ጣቱ ቃታው አጠገብ መሆኑን፣ ምን ያህል እንደጠጣ ነው። በእኛ አገር ታጣቂ እንግዳ ቤት ሲገባ መሣሪያውን ለባለቤቱ ሰጥቶ ግድግዳ ላይ ያሰቅላል። አልሰጥም ካለ ጨዋታው ይበላሻል፤ የመጣበት ነገር አለ ማለት ነው። ይህ በአንድ ቀን የተማረ ብልሃት አይደለም፤ ደም ሲመላለስ የኖረ ሕዝብ ብዙ ልጆቹን ቀብሮ ያገኘው ነው። ስለዚህ የትጥቅን ባህል አላሞግስም። በሰርግ ተኩስ የሞተ አውቃለሁ፤ በወሰን ጠብ የጠፋ ቤትም አውቃለሁ። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በዚያው ዓመት መውጣቱ ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን መሣሪያው እስካለ ድረስ ታጣቂን በአያያዙ የመመዘን ልማድ ሕይወት ያድናል።

እኔ በምኖርበት በቨርጂኒያም ሽጉጥን ወገብ ላይ በግልጽ ታጥቆ መሄድ በሕግ የተፈቀደ ነው። ነጭ ጎረቤቴ ታጥቆ ቡና ሊገዛ ሲገባ ቀና ብሎ የሚያየው የለም። እኔ ብታጠቅ ግን ነገሩ ሌላ እንደሚሆን እኔም እሱም እናውቃለን። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚኒሶታ ውስጥ ፊላንዶ ካስቲል የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ በፖሊስ ጥይት ተገደለ። ፖሊሱ መኪናውን ያስቆመው የሹፌሩ አፍንጫ ሰፊ በመሆኑ ከዘረፋ ተጠርጣሪ ጋር ይመሳሰላል ብሎ በሬዲዮ ከተናገረ በኋላ ነበር። ካስቲል የመሣሪያ ፈቃድ ነበረው፤ ሽጉጥ መያዙንም ራሱ በትሕትና ለፖሊሱ ነግሮታል። ተኳሹ በሚቀጥለው ዓመት በነፃ ተለቀቀ። ፈቃዱም ትሕትናውም አላዳነውም፤ አስቀድሞ መልኩ ፈርዶበት ነበር።

እኛ ጎንደር በነበርንበት በጥር 11 ቀን፣ በቨርጂኒያ ዋና ከተማ በሪችመንድ ከ20 ሺህ በላይ ሰው፣ ብዙው መሣሪያውን እንዳነገተ፣ የመሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ተቃውሞ ተሰልፏል። ዓለም ሁሉ ደም ይፈሳል ብሎ ሲጠብቅ አንድ ጥይት ሳይተኮስ ተበተነ። ጎንደር ላይ ደግሞ በፋሲለደስ መዋኛ ሕዝቡ የወጣበት የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ወደ አሥር የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ ነፍሳቸውን ይማር። በዚያ ቀን ሁሉም ታጣቂውን ሲጠባበቅ የገደለው እንጨቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ የደባርቁ መንገድ ተለውጧል። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ 28 በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ጦርነቱም ገጠሩን አዳረሰው። ዘመዶቼ በስልክ የሚነግሩኝ ሰው በየኬላው በመታወቂያው፣ በአነጋገሩ፣ ባሳደገው ጸጉር ሲመዘን ነው። እንዲህ ያለውን ሚዛን እኔ ባሕር ማዶ አውቀዋለሁ። ያ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ዛሬ በዚያ መንገድ ቢወጣ ካዝናውን ነቅሎ ሰላምታ እስኪሰጥ የሚጠብቀው ሰው ይኖር ይሆን ብዬ እሰጋለሁ።

በየትኛውም ወገን ሆነህ ኬላ ላይ የቆምህ ወንድሜ፣ አፈሙዝህን ወደ መሬት አድርግ፤ መጀመሪያ ሰላም በል። መንገደኛው ምን እንዳደረገ ከእጁ እይ፤ ጸጉሩንና አነጋገሩን ተው።