የኮንሶ እርከን

አንባቢ ሆይ፤ ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ ተጕዘህ ኮንሶ የደረስህ እንደ ሆነ፣ ተራራው ከእግሩ እስከ ራሱ በድንጋይ ካብ ተደርድሮ ታያለህ። ካቡ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 5 ሜትር ከፍ ይላል። ዝናሙ ጥቂት ነው፤ በመጣም ጊዜ በኃይል ወርዶ አፈሩን ይጠርጋል። ስለዚህ ገበሬው ውሃውን በየደረጃው እያስቆመ ማሽላውን ያጠጣበታል፤ በማሳውም መካከል ቅጠሉ እንደ ጎመን የሚበላውን ሽፈራው ይተክላል። በጂኦግራፊ ትምህርት «የራስ ፍጆታ እርሻ» ብለን በሦስት ቃል የምናልፈው ይህን ያህል ድካም ነው!

በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ሆኖም የወደቀው ድንጋይ ቶሎ ካልተመለሰ፣ የሚቀጥለው ጎርፍ ከታች ያለውን የጎረቤት ማሳ ጭምር ይዞ ይወርዳል። ልጁ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ በሄደበት ቤት ድንጋዩን የሚያነሣው ሽማግሌው አባት ነው።