«አይፈቀድም» ሲታሸግ

ኮምፒውተር አይዋሽም ይባላል። እውነት ነው፣ አይዋሽም። ግን የተነገረውን ቃል በቃል ይወስዳል፤ ጣጣውም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ሰው በስልኩ ገንዘብ ሲልክ ከስክሪኑ ጀርባ፣ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም አለ። ፕሮግራሙ ደጋግሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ለዚህ ሰው ተፈቅዶለታል ወይስ አልተፈቀደለትም? በዓለም ላይ ብዙ ሰርቨሮች ይህን የሚጠይቁት በጃቫስክሪፕት ነው። ቋንቋውን ብሬንደን አይክ እ.ኤ.አ. በ1995 ኔትስኬፕ ውስጥ ሆኖ የመጀመሪያ ቅጂውን በ10 ቀን ሠራው። በ2009 ደግሞ ራያን ዳል ኖድ ጄኤስን ይዞ መጣና ለብራውዘር የተፈጠረው ቋንቋ ሰርቨር ላይ ተስፋፋ።

በዚያ የ10 ቀን ጥድፊያ ከላይ የመጣው ትዕዛዝ አዲሱ ቋንቋ ጃቫን ይምሰል የሚል ነበር። ከጃቫ ከተወረሱት ነገሮች አንዱ ሳጥኑ ነው። ቁጥር፣ ጽሑፍ፣ እውነት ወይም ሐሰት የሚባሉት ተራ መረጃዎች እንዲሁ ራቁታቸውን ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ኦብጀክት በሚባል ሳጥን ውስጥም ሊታሸጉ ይችላሉ።

ችግሩ ይህ ነው። ጃቫስክሪፕት «ከሆነ» ብሎ ሲፈትሽ ማንኛውንም ኦብጀክት እንደ እውነት ይቆጥራል። ውስጡን አያይም። ስለዚህ «ሐሰት» ታሽጎ ሲቀርብለት መልሱ «እውነት» ነው። ዘበኛው ፖስታውን አይቶ በሩን ከፈተ፤ ደብዳቤው «አታስገባው» ይላል። የታሸገ ዜሮም እንዲሁ ነው፣ ባዶ ካዝና እንዳለው ይቆጠራል።

የባሰው ገና ነው። ፕሮግራመሩ ምን እንደተፈጠረ ለማወቅ መዝገቡን ሲገልጥ፣ መዝገቡ በጄሰን የተጻፈ ከሆነ ሳጥኑ የለም። ጄሰን ሲጽፍ ሳጥኑን ከፍቶ ውስጡን ብቻ ያሰፍራል። መዝገቡ «ሐሰት» ይላል፣ ማለትም ተከልክሏል፤ ገንዘቡ ግን ወጥቷል። ማስረጃውና ድርጊቱ ተለያዩ ማለት ነው። በእንዲህ ያለ መዝገብ የሚጠየቅ ሰው ምን ብሎ ያስረዳል?

ይህን ማነው የሚያሽገው? ከውጭ በጄሰን የሚመጣ መልእክት ሳጥን ይዞ አይመጣም። ሳጥኑ የሚሠራው ቤት ውስጥ ነው፤ «ኒው ቡሊያን» ብሎ የጻፈ ሰው አለ፣ ወይም ከሌላ ሰው የተወሰደ ያረጀ ኮድ አለ። ስትሪክት ሞድ ባልበራበት ኮድ ደግሞ በተራ መረጃ ላይ የሚጠራ ፈንክሽን «ዚስ» ሲል፣ ቋንቋው ራሱ ሳይጠየቅ ያሽጋል።

መለየት ይቻላል? «ታይፕኦፍ» ብሎ መጠየቅ «ኦብጀክት ነው» ከማለት አያልፍም። «ኢንስታንስኦፍ» የተሻለ ይመስላል፤ ግን የሚያየው የዘር ሐረግን ነው፣ የዘር ሐረግ ደግሞ በጃቫስክሪፕት በአንድ መስመር ኮድ ይቀጠላል። ሳጥኑ በሌላ የኮድ ክልል ውስጥ የተሠራ ከሆነም አያውቀውም። ለዚህ ነው ኖድ ጄኤስ በ2018 በወጣው 10.11 ስሪቱ «ኢዝ ቦክስድ ፕሪሚቲቭ» የሚባል መፈተሻ የጨመረው። እሱ ዘር አይቆጥርም፤ በቀጥታ ሞተሩን፣ ማለትም ቪ8ን፣ «ይህ ነገር ከውስጥ ምንድነው?» ብሎ ይጠይቃል። የታሸገ ቁጥር፣ ጽሑፍ፣ ቡሊያን፣ ቢግኢንት ወይም ሲምቦል ከሆነ «አዎ» ይላል። ራቁቱን ያለ ሐሰት ከሆነ «አልታሸገም» ይላል።

ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ለበር ጥበቃ የሚሻለው ቀላሉ ነገር ነው፦ ፈቃድ የሚሰጠው መልሱ በሦስት እኩልታ ምልክት ተመዝኖ ከራቁቱ «እውነት» ጋር እኩል ከሆነ ብቻ ይሁን። ያኔ የታሸገ ነገር ሁሉ፣ የታሸገ «እውነት»ም ጭምር፣ ደጅ ይቀራል። አንድ ደንበኛ ያለ አግባብ ተከልክሎ ቢደውል ይሻላል። ያልተፈቀደለት ገብቶ ከወጣ ማንም አይደውልም።

«ታዲያ ወደ ቡሊያን ቀይሬ ብፈትሸውስ?» የሚል አይጠፋም። ያለ «ኒው» ብቻውን የተጻፈው «ቡሊያን» መቀየሪያ ነው፣ አያሽግም። የታሸገ ሐሰት ሲሰጡት ግን እሱም «እውነት» ብሎ ይመልሳል። ውስጡን የሚያወጣው «ቫልዩኦፍ» ነው።