የእማማ ቸኮሌት

ባለፈው ነሐሴ እናቴ ከትክል ድንጋይ አሜሪካ ድረስ ልትጠይቀን መጣች። ሰባት ዓመት የሆናትን ልጄንና እሷን ይዘን፣ ፔንስልቫኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1973 ወደተከፈተው «ኸርሺስ ቸኮሌት ወርልድ» ሄድን። የከተማው የመንገድ መብራት እንኳ የቸኮሌት ቅርጽ አለው። የካካዎ ፍሬ ተቆልቶ እንደሚፈጭ ስታይ እናቴ «ይሄማ እንደ ቡናችን ነው» አለች። ሰው ሠራሽ ላሞች ሲዘፍኑማ ከት ብላ ሳቀች።

መውጫው ላይ ቸኮሌት ሰጡን። «የላሞቹ ወተት አለበት?» ስትል ጠየቀችኝ። ፍልሰታ መሆኑ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። «አዎ» አልኳት። በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

ስለ ጾም አንድም ቀን ነግሬያት የማላውቀው ልጄ ዝም ብላ አየቻት። የከፈተችውን መልሳ ጠቀለለችና «እማማ፣ ካንቺ ጋር እበላዋለሁ» አለች።

እኔ የራሴን በልቼ ጨርሼ ነበር።