መስመሩ አንድ፣ ተሻሚው ብዙ

እቤታችን ያለው ኢንተርኔት በመደበኛ ስልክ መስመር የሚመጣው ነው፤ 4 ሜጋ ቢት። ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ግን አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ ቢበዛ በሰከንድ ግማሽ ሜጋ ባይት ማለት ነው። እሱንም 5 ሞባይል፣ አንድ ላፕቶፕና ታናሽ ወንድሜ የማይለየው ቴሌቪዥን ይሻሙበታል።

አርብ ይብሳል። ኩዌት ሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህቴ የምታርፈው አርብ ከሰዓት ብቻ ነው፤ ያኔ በኢሞ ትደውላለች። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ትቀመጣለች (ማን እንደሚያያት እንጃ፣ ቪዲዮ የለውም!)። ከዚያ እህቴ «እማዬ፣ አለሽ? ድምፅሽ ጠፋ» ትላለች፤ እናቴ «አለሁ! አለሁ!» እያለች ትጮኻለች። የእህቴ ሰዓት በዚሁ ያልቃል። እናቴ የወንድሜን ፊልም ትከሳለች፤ ቴሌቪዥኑ ተዘግቶም ግን ይቆራረጥ ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። በስልክ መስመር የሚመጣው ኢንተርኔት (ኤዲኤስኤል የሚባለው) ዳውንሎዱና አፕሎዱ እኩል አይደሉም። የእኛ አፕሎድ ግማሽ ሜጋ ቢት ገደማ ናት። አንዱ ሞባይል የሠርግ ፎቶዎችን በራሱ ጊዜ ወደ ጎግል ፎቶስ መጫን ሲጀምር ያቺ ጠባብ በር ትሞላለች፣ የእናቴ ድምፅም ከፎቶው ኋላ ይሰለፋል። ዳውንሎዱም ይንቀራፈፋል፤ አንድ ነገር ስንቀበል መሣሪያው «ደርሶኛል» እያለ መመለስ አለበት፣ መልሱ የሚወጣው ደግሞ በዚያችው በር ነው። ለጋዜጠኝነት ተማሪ ይሄ ትልቅ ዜና ነው!

ከሞደሙ ጋር የተያያዘው ራውተራችን ኪውኦኤስ የሚባል ማስተካከያ አለው (ሁሉም ራውተር የለውም)። እዚያ ገብቼ የእናቴን ሞባይል አስቀደምኩ። የአፕሎዱንም ጣሪያ ከመስመሩ አቅም ትንሽ ዝቅ አደረግኩት፤ ወረፋው ማን እንደሚቀድም በማያውቀው ሞደም ሳይሆን በራውተሩ ዘንድ እንዲቀር ነው።

አባቴ አልተዋጠለትም። «ቅድሚያ ለተማሪ ነው» አለ። እኔ ግን አስቤበታለሁ። የድምፅ ጥሪ 100 ኪሎ ቢት ይበቃዋል፣ ነገር ግን መጠበቅ አይችልም፤ አንድ ሰከንድ ከዘገየ ወሬ መሆኑ ይቀራል። የእኔ የሬዲዮ ሥራ 30 ሜጋ ባይት ነው፤ መስመሩን ብቻዬን ብይዘው እንኳ 8 ደቂቃ ይፈጃል፣ ሌሊት 6 ሰዓት ቢሄድ ግን መምህሬ የሚያዳምጡት ያው ጠዋት ነው። ክፍል ውስጥ የተማርነው ከባዱ ዜና እንዲቀድም ነው። እዚህ የሚቀድመው ቀላሉ ነው፣ ከባዱን ብዙም ስለማያስጠብቀው።

ባለፈው አርብ 40 ደቂቃ አወሩ። የበርበሬ ዋጋ፣ የጎረቤት ልቅሶ፣ እህቴ ልትልክ ያሰበችው ገንዘብ ሁሉ ተነሳ። አባቴም ቀርቦ ተራውን ያዘ፤ ሐሳቡን ግን አልቀየረም። የሚቀጥለው ሥራዬ ማስረከቢያው አርብ 11 ሰዓት ነው። ሐሙስ ሌሊት እልከዋለሁ።