ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሜጋና በሞያሌ ከተሞች ድዱ እየደማና እየሸሸ ጥርሱ የተነቃነቀበት ሰው ወደ ሕክምና የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ሲጠናበት ነው፤ ያን ጊዜ የሚጠይቀውም ጥርሱ እንዲነቀልለት ነው። መንቀል ሕመሙን ቢያስታግስም፣ ከጥርሱ ጋር አብሮ የሚሄደውን ነገር ግን ባለጥርሱ እምብዛም አያውቀውም።

ጥርስ ግድግዳ ላይ እንደ ተመታ ምስማር ከመንጋጋ አጥንት ጋር በቀጥታ የተጣበቀ አይደለም። በሥሩና በአጥንቱ መካከል ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ በጥቃቅን ጅማቶች የተሞላ ሕብረ ሕዋስ አለ፤ ጅማቶቹ በአንድ ጫፋቸው አጥንቱ ውስጥ፣ በሌላው ጫፋቸው ደግሞ ሲሚንተም በሚባለው የሥሩ ስስ ሽፋን ውስጥ ተተክለው ጥርሱን ያንጠለጥሉታል፣ የማኘክንም ጫና ያበርዳሉ። ጥርስ ሲነቀል ይህ ሕብረ ሕዋስ ይጠፋል፣ አቅፎት የነበረው አጥንትም እየሟሸሸ ይሄዳል። የድድ በሽታ የሚያደርሰው ጉዳት ከዚህ የሚለየው አዝጋሚ በመሆኑ ነው፤ በጥርስና በድድ መገናኛ ላይ የሚከማቸው በባክቴሪያ የተሞላ ቆሻሻ እየጠጠረ ሲሄድ ድዱ ይቆጣል፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሚያስነሳው ቁጣም ራሱ ጅማቱንና አጥንቱን ይበላል፣ በጤናማ ድድ ከ3 ሚሊ ሜትር የማያልፈው ክፍተትም ወደ ጥልቅ ኪስ ይለወጣል።

የጠፋውን መልሶ ማብቀል ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት የጀመረው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1976 በካናዳ ይሠራ የነበረው የጥርስ ተመራማሪ አንቶኒ ሜልቸር፣ ድዱ ተከፍቶ ሥሩ ከጸዳ በኋላ የቁስሉን የወደፊት ዕጣ የሚወስነው በሥሩ ላይ ቀድሞ የሚሰፍረው የሕዋስ ዓይነት ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። የድድ ሽፋን ሕዋሳት ፈጣን በመሆናቸው ቀድመው ወርደው ሥሩን ይሸፍኑታል፤ ቁስሉ የዳነ ቢመስልም ጅማቱና አጥንቱ ቦታቸውን ሳያገኙ ይቀራሉ። በስዊድን ጎተንበርግ ስቱሬ ኒማንና ባልደረቦቹ በ1982 ባሳተሙት ሥራ፣ በአንድ ሰው የታችኛው የፊት ጥርስ ላይ በድዱና በሥሩ መካከል ስስ የማጣሪያ ወረቀት አስገብተው የድዱን ሕዋሳት አገዱ፤ ከ3 ወር በኋላ ጥርሱ ከነዙሪያው ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር አዲስ ሲሚንተምና በውስጡ የተተከሉ አዳዲስ ጅማቶች ተገኙ። ከዚህ ሁሉ የሚደንቀው ወረቀቱ ምንም ያላበቀለ መሆኑ ነው፤ ያበቀለው ጊዜና ቦታ ያገኘው የራሱ የሰውየው ጅማት ነው።

በኋላ የመጡት ዘዴዎችም፣ ለምሳሌ ሕብረ ሕዋስ እንዲያድግ የሚቀሰቅሱ ፕሮቲኖች፣ የቆሙት በዚሁ መሠረት ላይ ነው። ከእነዚህ አንዱ፣ ኤምዶጌይን የሚባለው መድኃኒት፣ ገና በማደግ ላይ ካለ የአሳማ ጥርስ የሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም አሳማ በማይበላበት አገር ሐኪሙ ይህን አስቀድሞ ለታካሚው መንገርና ውሳኔውን ለእርሱ መተው አለበት። ሁሉም ጉድለት በዚህ ሕክምና አይሞላም። በሥሩ ጎን ወደ ታች የወረደ ጠባብና ጥልቅ የአጥንት ጉድጓድ ጥሩ ውጤት ሲሰጥ፣ አጥንቱ ዙሪያውን እኩል ዝቅ ያለበት አፍ ግን ብዙም አይመለስለትም፤ ትምባሆም ውጤቱን ያበላሻል።

ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር በሚርቀው ነገሌ ይህ ዓይነቱ ቀዶ ሕክምና በቅርብ አይገኝም ብሎ መተው ግን ትክክል አይደለም። የመጀመሪያው እርምጃ በየትም አገር አንድ ነው፤ የጠጠረውን ቆሻሻ ከድዱ ሥር ጭምር ማስወገድ፣ ሕዝቡ ጥርስ ማሳጠብ የሚለው። ይህ ብቻውን በብዙ ሰው ላይ ኪሱን ያሳንሳል፣ ጥርሱንም ያጠነክራል። ለዕለታዊው ጽዳት ደግሞ ቆላው ቦረናዎች አዴ የሚሉትን የመፋቂያ ዛፍ ታድሏል፤ ጫፉ በወጉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ከሆነና የጥርሱን ውስጠኛ ጎን ጭምር ከደረሰ ቆሻሻውን በሚገባ ያነሳል፣ ድዱን እየገፋ ከፋቀ ግን ያሸሸዋል።

ምግብም የራሱ ድርሻ አለው። የጅማቱ ዋና አካል ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ሲሆን ሰውነት እርሱን ለመሥራት ቫይታሚን ሲ ያስፈልገዋል፤ ቫይታሚኑ ሲታጣ ድድ ይደማል፣ ጥርስም ይላላል፣ በ1980ዎቹ በአፍሪካ ቀንድ የስደተኞች መጠለያዎችም ይህ በገሃድ ታይቷል። አትክልትና ፍራፍሬ በሚያጥርበት ቆላ፣ ከላም ወተት የበለጠ ቫይታሚን ሲ ያለው የግመል ወተት ለድድም ሀብት ነው። ከ2020 ጀምሮ ዝናቡ በተከታታይ 5 ወቅት ሲቀር ብዙ ከብት አለቀ፣ ወተቱም ነጠፈ፤ የአፍ ጤና ግን በድርቅ ጊዜ ከሚታሰቡት ጉዳዮች መካከል እምብዛም አይቆጠርም።

ከሁሉ የሚከብደው ክትትሉ ነው፤ የተመለሰው ሕብረ ሕዋስ እንዳይጠፋ ታካሚው በየ3 ወሩ ገደማ መታየትና ጥርሱን ማሳጠብ ይኖርበታል፣ ከብቱን ተከትሎ የሚንቀሳቀስ አርብቶ አደር ደግሞ በወረቀት የተጻፈ ቀጠሮ ሊያመልጠው ይችላል። ቦረና ዓመቱን ገና፣ አዶሌሳ፣ ሀገያና ቦና ብሎ በአራት ይከፍለዋል፣ እያንዳንዱም 3 ወር ያህል ነው፤ የጥርስ ባለሙያው ቀጠሮውን በእነዚህ ወቅቶች መግቢያ ቢሰጥ፣ በየጊዜውም የኪሱን ጥልቀት በሚሊ ሜትር ለክቶ በካርዱ ላይ ቢያሰፍር፣ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ አዲስ አበባ መላክ ያለበትን ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ይለየዋል።