ከኮኑ በስተጀርባ

ስፒከር ስሠራ ለረጅም ጊዜ የተማመንኩት በጆሮዬ ብቻ ነበር። ቁጥር እፈራ ነበር። ከዚህ ፍርሃት ያላቀቀኝ የቤዝ ሆርን ነው፤ በተለይም ሰው ልብ የማይለው ክፍሉ፣ ከድራይቨሩ (ኮኑን እያርገበገበ ድምፅ ከሚያወጣው ክፍል) ጀርባ ያለው ድፍን ሳጥን።

ዓይን የሚስበው የፊቱ ነው፤ ከጠባብ ጉሮሮ ተነሥቶ ወደ ሰፊ አፍ የሚከፈተው። የ40 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገድ 8.6 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ስለዚህ ለእሱ የሚበቃው አፍ ግዙፍ ይሆናል። አሜሪካዊው ፖል ክሊፕሽ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሆርኑን አጣጥፎ ክፍል ጥግ ያስቀመጠው ግድግዳውና ወለሉ የአፉን ሥራ እንዲያግዙ ነው። ዝና ያተረፈው በዚህ ነው። እኔን የማረከኝ ግን ለኋላው ሳጥን የሰጠው አጭር ስሌት ነው፦ የጉሮሮው ስፋት፣ ሆርኑ ስፋቱን እጥፍ እስኪያደርስ በሚጓዘው ርዝመት ተባዝቶ፣ እንደገና በ2.9።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድምፁ ወደ ሆርኑ የታችኛው ወሰን ሲቃረብ የፊቱ አየር ኮኑን እንደ ክብደት ይጫነዋል። ከኋላ የታሰረው አየር ደግሞ ሞላ ነው። መጠናቸው ሲገጥም አንዱ ሌላውን ይሽረዋል፤ የአምፕሊፋየሩ ጉልበት ወደ ድምፅ ይሄዳል። በየእኩል ርቀቱ እጥፍ እየሰፋ በሚሄድና በቂ ርዝመት ባለው ሆርን ላይ ይህ ለአንድ ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ከወሰኑ በላይ ላሉት ሁሉ ይሠራል። ይህን ስረዳ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልረሳውም። ሳጥኑ ሲጠብ ሞላው ይጠነክራል፣ ወፍራሙ ቤዝ ይጠፋል። ሲሰፋ ደግሞ ከወሰኑ በታች ኮኑ የሚገታው ያጣል።

ጉሮሮው 500 ካሬ ሴንቲ ሜትር ለሆነ የ40 ኸርዝ ሆርን መልሱ 68 ሊትር ገደማ ነው። ሆኖም ድራይቨሩም የራሱ ሞላ አለው፤ ልስላሴው ቪ.ኤ.ኤስ. ተብሎ በሊትር ይለካል፤ የሁለቱ ሞላዎች ጥንካሬ ይደመራል። ቪ.ኤ.ኤስ. 200 ሊትር ከሆነ ሳጥኑ 100 ሊትር ያህል ይሆናል። 90 ከሆነ 280 ገደማ ይደርሳል። ከ68 ካነሰ የትኛውም ሳጥን አይረዳውም፤ ሳጥን ማጠንከር እንጂ ማለስለስ አይችልም።

የድምፅ መሐንዲሱ ዶን ኪል በ1977 (እ.ኤ.አ.) ያሳየው የላይኛው ወሰንም ከድራይቨሩ ይወጣል፦ ሬዞናንሱ 30 ኸርዝ፣ የኤሌክትሪክ ኪው (ማግኔቱ ሲጠነክር የሚያንስ ቁጥር) 0.3 ከሆነ፣ የሬዞናንሱን እጥፍ በኪው ስናካፍል 200 ኸርዝ። ከዚያ በላይ የኮኑ ክብደት ያሸንፋል። ጠንካራ ማግኔት የሚፈለገው ለዚህ ነው።

አሁን ኮምፔንሳቶ ከመቁረጤ በፊት ድራይቨሩን ጥቂት ሰዓት አሠርቼ እለካዋለሁ፤ አዲስ ሲሆን ደረቅ ነውና። ሳጥኑንም ትንሽ አስፍቼ፣ አንዱን ጎኑን በብሎን ብቻ አስረዋለሁ፤ ከዚያ የእንጨት ቁራጭ እየጨመርኩ አጠብበዋለሁ።